አውትላይን ያልወጣለት ኮርስ፦ ኦቲዝም ያለበት ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ ሲዘጋጅ

ሰኞ ጠዋት ነው፤ የመጀመሪያው የትምህርት ቀን። ፕሮግራሙ «2፡30፣ ክፍል 204» ይላል። ተማሪዋ አንድ ሰዓት ቀድማ ደርሳለች። ክፍሉን አግኝታ፣ ጥግ ይዛ፣ ደብተሯ ላይ ቀኑን ጽፋ ተቀምጣለች። 2፡30 ሆነ። ማንም የለም። 2፡45 ሆነ። አሁንም ማንም የለም። ለካ ማታ አንድ ልጅ የተማሪዎቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ክላሱ ወደ ትልቁ አዳራሽ ዞሯል» ብሎ ለጥፏል። እሷ ግሩፕ መኖሩንም አልሰማችም።

ጠያይቃ አዳራሹ ጋ ደረሰች። በሩን ስትከፍተው ሦስት መቶ ሰው ያወራል። ማይኩ ይጮኻል። ጣሪያው ላይ አንድ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። ዳር ዳሩ ሁሉ ተይዟል። ክፍት ወንበር ያለው መሀል ላይ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ስምንት ሰው ማስነሣት ያስፈልጋል። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችና ወደ ዶርሟ ተመለሰች። አቴንዳንስ ላይ «ቀሪ» ተባለች።

ልብ ብላችሁ ከሆነ እዚህ ውስጥ ትምህርት የሚባል ነገር የለም። ሒሳቡ አልከበዳትም፣ ንባቡ አልከበዳትም፤ ገና አልተጀመረማ! ልጅቷን ለምሳሌ ያህል የፈጠርኳት እኔ ነኝ። የገጠማት ነገር ግን ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ተማሪዎች አሳምረው የሚያውቁት ነው። የሚጥላቸው አብዛኛውን ጊዜ ኮርሱ ሳይሆን በኮርሱ ዙሪያ ያለው ነው።

ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሁለት ዓይነት ኮርስ ይወስዳል ማለት ይቻላል። አንደኛው አውትላይን አለው። ምን እንደሚነበብ፣ ፈተናው መቼ እንደሆነ፣ ከመቶ ስንቱ በምን እንደሚያዝ ተጽፏል። ሁለተኛው አውትላይን የለውም። ክፍል ሲቀየር ወሬው በየት በኩል እንደሚመጣ፣ መምህር ቢሮ ሲገባ በምን እንደሚጀመር፣ «እንገናኝ» ያለ ልጅ የምሩን ይሁን ለወጉ ያህል፣ ማንም አያስተምርም። ሌላው ተማሪ እያየ፣ እየሰማ፣ ሳይታወቀው ይለምደዋል። ኦቲዝም ያለበት ተማሪ ግን ካልነገሩት ላይደርሰው ይችላል። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲ መዘጋጀት በእኔ አስተያየት ዞሮ ዞሮ አንድ ሥራ ነው፤ ያልተጻፈውን ቀድሞ መጻፍ።

ስለ ኦቲዝም በአጭሩ

ኦቲዝም በሽታ አይደለም። አይተላለፍም፤ ልጅ ሲያድግ የሚተወውም ነገር አይደለም። አንጎል ከጅምሩ በተለየ መንገድ ሲያድግ የሚመጣ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሁለት ልጅ ቢኖር አይገርምም ማለት ነው። አንዳንዱ ራሱም አያውቀው ይሆናል።

ኦቲዝም «ስፔክትረም» ነው ይባላል፤ ከሰው ሰው በተለያየ መልክ ይታያል ለማለት ነው። ቃሉ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ከቀላል ጀምሮ ወደ ከባድ የሚወጣ መሰላል ይመስለዋል። እንደዛ አይደለም። አንዱ ተማሪ ንግግሩ የተዋጣለት ሆኖ ሳለ የካፌ ሰልፍ ራሱን ያዞረዋል። ሌላው ሰው ፊት ቃል አይወጣውም፤ ጽሑፉ ግን መምህሩን ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያውን አምስተኛ እትም ሲያወጣ፣ ቀድሞ ለየብቻ ይሰጡ የነበሩ፣ አስፐርገርን የመሳሰሉት የምርመራ ስሞች «ኦቲዝም ስፔክትረም» በሚለው አንድ ስም ተጠቃለሉ። በዚያው እትም ሌላም ነገር ተጨመረ። ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታና ንክኪ ከልክ በላይ መሰማቱ ወይም እምብዛም አለመሰማቱ ከምልክቶቹ አንዱ ሆኖ ተቆጠረ። ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። የዩኒቨርሲቲ ብዙው ጣጣ ከዚህ ስለሚነሣ ነው።

አጠራሩ ላይ አልከራከርም። «ኦቲዝም ያለበት» የሚል አለ፣ «ኦቲስቲክ ነኝ» የሚል አለ። ባለቤቱ በመረጠው መጥራት ነው።

ማን ነበር የሚያደርገው?

ትምህርት ቤት ውስጥ ድጋፍ ነበረ። ማንም ግን ድጋፍ ብሎ አልጠራውም። ክፍሉ አንድ ነው፤ ልጆቹ ለዓመታት አንድ ናቸው። ደወል ይደወላል። የቤት ሥራ በየቀኑ ይታያል። ጠዋት የሚቀሰቅስ ሰው አለ። ልብሱ ታጥቦ ይገኛል። ይህ ሁሉ በአንድ ክረምት ውስጥ እልም ይላል። በትምህርት ቤት ከአንደኞቹ ተርታ የነበረ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሲንገዳገድ ሰው «ምን ነካው?» ይላል። ልጁን የነካው ነገር የለም። ከሥሩ የነበረው ነገር ነው የተነሣው።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ ቢያንስ ስድስት ወር ቀደም ብላችሁ አንድ ወረቀት ያዙ። አንድ ተራ ቀን ምረጡ፤ ማክሰኞ ይሁን። ከመንቃት እስከ መተኛት የምታደርጉትን ሁሉ በግራ በኩል ጻፉ። በቀኝ በኩል ደግሞ «ይህን የሚያስታውሰኝ ማነው?» ለሚለው መልስ ጻፉ። መንቃት — እናቴ። ሻወር — አባቴ «ታጠብ እንጂ» ሲለኝ። ቁርስ — ቀርቦ አገኘዋለሁ። መድኃኒት — እህቴ። ስልክ ቻርጅ ማድረግ — እኔ። ምሳ — ቀርቦ አገኘዋለሁ። ቀኝ በኩሉን ቁልቁል ስታነቡት ትንሽ ያስደነግጣል። ማንም ሰው ቢሠራው ያስደነግጠዋል፤ አትፈሩ።

ከዚያ አንድ በአንድ መረከብ ነው። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ልረከብ ያለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ይጥለዋል። እኔ የምመክረው በወር አንድ ነገር ነው። ልብስ ማጠብ ከሆነ ልብስ ማጠብ ብቻ። ማንም ሳያስታውሳችሁ ሁለት ሳምንት ከሠራችሁት ያ ነገር የእናንተ ሆኗል፤ ወደሚቀጥለው እለፉ። ስልክ ደውሎ ቀጠሮ መያዝ፣ የወሩን ገንዘብ በሳምንት ማከፋፈል፣ ከቤት ውጪ ሌላ አልጋ ላይ ማደር፤ እነዚህ ሁሉ ቤት ሳላችሁ ሊለመዱ የሚችሉ ናቸው።

ምሳን ለብቻው ላንሣ። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ረሃብና ጥም ቶሎ አይሰማቸውም። ሰውነት የሚልከው መልእክት ዘግይቶ ወይም ተዛብቶ ይደርሳል። ቤት ውስጥ ማዕድ ሲቀርብ ይበላል፤ ችግሩ አይታወቅም። ዶርም ውስጥ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ላይ አፍጥጦ ውሎ ማታ ሲያዞረው «ታመምኩ» ይላል። ያልበላ መሆኑ ትዝ አይለውም። መፍትሔው የስልክ አላርም ነው። አላርሙ ሲጮኽ መራብ አለመራቡን መጠየቅ የለም፤ መብላት ነው።

መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነም እንዲሁ። ከኦቲዝም ጋር ጭንቀት፣ የእንቅልፍ ችግር፣ የትኩረት ማነስ ወይም የሚጥል በሽታ አብሮ የሚገኝበት ሰው ጥቂት አይደለም። መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት ማን አዲስ እንደሚያዝላችሁ፣ ከየት እንደምትገዙት፣ አንድ ቀን ብትረሱ ምን እንደምታደርጉ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ በጽሑፍ ያዙት።

ካምፓሱን ቀድሞ ማየት

ከቻላችሁ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጊዜ ሂዱ። አንዱን ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ሌላውን ግርግር በሚበዛበት። ሰው በሌለበት ጊዜ መንገዱን ታጠናላችሁ፤ ከዶርም እስከ ክፍል፣ ከክፍል እስከ ላይብረሪ፣ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ የትኛው ደረጃ አቋራጭ እንደሆነ። በስልክ ፎቶ እያነሣችሁ ሂዱ። በግርግሩ ሰዓት ደግሞ የምትፈልጉት ሌላ ነገር ነው። ፀጥ ያለ ቦታ! የላይብረሪው ሦስተኛ ፎቅ ጥግ ሊሆን ይችላል፤ ከሕንፃው ጀርባ ያለ ወንበር ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ተይዞ ሊገኝ ይችላላ።

ሩቅ ሆኖባችሁ መሄድ ካልቻላችሁ የካምፓሱን ካርታና ሌሎች የለጠፏቸውን ቪዲዮዎች እዩ። እንደመሄድ ባይሆንም ከባዶ ይሻላል።

ለማን ልንገር?

በትምህርት ቤት ድጋፍ ካለ ልጁን ፈልጎ ይመጣል። መምህሩ ያስተውላል፤ ወላጅ ተጠርቶ ይነገረዋል። በዩኒቨርሲቲ ይህ ይገለበጣል። ድጋፍ ቢኖርም ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ሄዶ የሚያንኳኳው ተማሪው ነው። አዋቂ ናችሁና ማንም ስለ እናንተ አይጠይቅላችሁም። ይህን አለማወቅ ብዙ ሰው ያስከፍላል። ነገሩ ከተበላሸ በኋላ፣ ኤፍ ከመጣ በኋላ ነው ቢሮው መኖሩ የሚሰማው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ሌላ እንቅፋት ደግሞ አለ፤ የቋንቋችን ነው። በሩ ላይ «የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ» ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያንን አንብቦ እጅና እግሩን ያያል። «ይሄ እኔን አይመለከትም» ብሎ ያልፋል። ይመለከተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን የአካል ብቻ ሳይሆን የአእምሮና የስሜት ሕዋሳት ጉዳትንም ያካትታል። አንቀጽ 24 ደግሞ ስለ ትምህርት ነው፤ ከፍተኛ ትምህርትንም በስሙ ይጠቅሳል። ኮንቬንሽኑን የተቀበሉ አገሮች በከፍተኛ ትምህርትም «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» እንዲደረግ ማረጋገጥ አለባቸው ይላል። ተመጣጣኝ ማመቻቸት ማለት ፈተናውን ማቅለል አይደለም። ጥያቄው ያው ነው፤ የሚቀየረው የሚቀመጡበት ክፍል ወይም የሚሰጠው ሰዓት ነው።

ምን መጠየቅ ይቻላል? ለፈተና ተጨማሪ ሰዓትና ፀጥ ያለ ክፍል፣ ሌክቸሩን በድምፅ መቅዳት፣ ስላይዱን ቀድሞ ማግኘት፣ ክፍል ውስጥ ቋሚ የዳር ወንበር፣ ፕረዘንቴሽንን በብዙ ሰው ፋንታ በመምህሩ ፊት ብቻ ማቅረብ፣ ብቻን የሚያኖር ዶርም ወይም ሰው የማይበዛበት። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ሁሉንም አይሰጥም። የምርመራ ወረቀት የሚጠይቅ ይበዛል፤ ስለዚህ ከቤት ስትወጡ ዋናውንና ሁለት ሦስት ኮፒ ይዛችሁ ውጡ። ቢሮ የሌለው ተቋም ከሆነ ደግሞ የዲፓርትመንቱን ኃላፊ ወይም አማካሪያችሁን ማናገር ነው።

ለመምህር መንገር ግን ግዴታ አይደለም። ለጓደኛም አይደለም። እዚህ ላይ «ሁሉንም ተናገሩ፣ ነፃ ትወጣላችሁ» የሚል ምክር እሰማለሁ፤ አልስማማም። መናገር ጥቅም ሲያመጣ ይነገራል። የአሳይመንት መመሪያ የሚሰጠው መምህር ማወቁ ይጠቅማል። ዶርም ውስጥ አብሯችሁ የሚኖር ልጅ ቢያንስ ድምፅ እንደሚያውካችሁ ማወቁ ይጠቅማል። ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ማወቁ ምን ያደርግላችኋል?

ለመምህር ሲጻፍ እንዴት ይጻፋል? ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ኦቲዝም ስላለብኝ ቢረዱኝ» የሚል ነው። መምህሩ ደግ ሰው ቢሆንም እንኳ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ይህን እዩት፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። በእርስዎ ኮርስ የተመዘገብኩ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኦቲዝም አለብኝ። በቃል የተሰጠ መመሪያ፣ በተለይ ክፍሉ ሲንጫጫ፣ ይጠፋብኛል። የአሳይመንት መመሪያዎች በጽሑፍ ቢደርሱኝ ሥራዬን በሰዓቱ አስረክባለሁ። ከድጋፍ ቢሮው የተሰጠኝን ደብዳቤ አያይዣለሁ። አመሰግናለሁ።»

ሦስት ነገር ብቻ ነው ያለው፤ ምን እንዳለባችሁ፣ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርጋችሁ፣ ምን ቢደረግ እንደሚስተካከል። ይቅርታ የለውም፤ ልመናም የለውም። ቤት ቁጭ ብላችሁ፣ ልባችሁ ሳይመታ፣ አሁኑኑ ጽፋችሁ አስቀምጡት። ሰዓቱ ሲደርስ ስም ቀይሮ መላክ ብቻ ይሆናል።

«አምስት ገጽ ጽፋችሁ አምጡ»

ትምህርቱ አይከብድም ብያለሁ። ትምህርቱን መጀመር ግን ይከብዳል። አንድን ሥራ ቆርሶ ማቀድ፣ መጀመር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር፤ ይህ ችሎታ ከዕውቀት የተለየ ነው። ኦቲዝም ያለበትን ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸግረውም እሱ ነው። ከውጭ ለሚያይ ስንፍና ይመስላል። ልጁ አልጋው ላይ ተቀምጦ አሳይመንቱን እያሰበ ሦስት ሰዓት ሲሰቃይ ይቆያል፤ አንድ መስመር አልጻፈም። ሰነፍ ሰው እንዲህ አይሰቃይም።

«በሦስት ሳምንት ውስጥ አምስት ገጽ ጽፋችሁ አምጡ» ሲባል አንድ ትእዛዝ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሃያ ሥራ አለ። ሃያውን ማውጣት ነው። ሰኞ፦ ጥያቄውን በእጅ መገልበጥ። ሌላ ምንም የለም፤ ተገለበጠ፣ አለቀ። ማክሰኞ፦ ላይብረሪ ሄዶ ሦስት መጽሐፍ ማግኘት። ማንበብ አይደለም፤ ማግኘት ብቻ። ረቡዕ፦ ከአንዱ መጽሐፍ ማውጫውን አንብቦ የሚጠቅም ምዕራፍ ላይ ወረቀት ማስገባት። ሐሙስ፦ ያንን ምዕራፍ ማንበብ። የመጀመሪያው ሥራ እስኪያሳፍር ድረስ ትንሽ መሆን አለበት። ትልቅ ከሆነ አይጀመርማ። የማስረከቢያውን ቀን ደግሞ በካላንደራችሁ ላይ ከእውነተኛው ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ጻፉት።

ሌላው ጣጣ የጥያቄ ቋንቋ ነው። ፈተናው «አብራራ» ይላል። ምን ያህል ነው የሚብራራው? የሚያውቀውን ሁሉ መጻፍ የጀመረ ልጅ አንደኛው ጥያቄ ላይ ሰዓቱ ያልቅበታል። መልሱ ብዙ ጊዜ በቅንፍ ውስጥ ነው፤ ነጥቡ! አምስት ነጥብ የተሰጠው ጥያቄ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል፤ ሃያ ነጥብ ያለው ገጽ ይፈልጋል። የሁለት ሰዓት ፈተና ከመቶ ከሆነ አምስቱ ነጥብ ስድስት ደቂቃ ነው። ይህን ለሌላው ተማሪ ማንም አልነገረውም፤ ገምቶ ነው የሚሠራው። እናንተ አስሉት። ከቻላችሁም ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችንና ጥሩ ውጤት ያገኘ የናሙና ሥራ ጠይቁ። ናሙና ማየት አሥር ጊዜ ከማብራራት ይበልጣል።

የቡድን ሥራ ላይ አልዋሽም፤ ከባድ ነው። ሁለት ዓይነት ጥፋት ይደርሳል። ወይ ሥራው በሙሉ እናንተ ላይ ይወድቃል፤ ወይ ስብሰባው ሲደረግ አልሰማችሁም። ሁለቱንም የሚከላከለው አንድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ማን ምን እንደሚሠራና በየትኛው ቀን እንደሚያስረክብ በጽሑፍ ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። ለጣፊው እናንተ ሁኑ። «የሥራ ክፍፍሉን እኔ ልጻፈው?» ብላችሁ ብትጠይቁ እምቢ የሚል የለም፤ ጸሐፊ መሆን ማንም አይወድማ።

ጫጫታ፣ ጭምብልና ድካም

የመክፈቻዋን ልጅ አዳራሽ አስታውሱ። አብዛኛው ሰው ከሚሰማው ድምፅ የማይጠቅመውን አንጎሉ ይጥልለታል። የፋኑ ድምፅ፣ የወንበር መንቋቋት፣ ከኋላ የሚንሾካሾኩ ልጆች ወደ ዳር ይሄዳሉ፤ የመምህሩ ድምፅ ይቀራል። ኦቲዝም ላለበት ተማሪ ሁሉም እኩል ጮኾ ሊገባ ይችላል። እስቲ አራት ሬድዮ አንድ ላይ ከፍታችሁ አንዱን ብቻ ለመስማት ሞክሩ። ሁለት ሰዓት እንዲህ ማዳመጥ ማለት ከሌላው ተማሪ እጥፍ ሥራ መሥራት ነው።

ሄድፎን ወይም የጆሮ መድፈኛ፣ ባርኔጣ ወይም ጠቆር ያለ መነጽር፣ የምትወዱት ጨርቅ፣ በእጅ የሚፍተለተል ትንሽ ነገር፤ ሁልጊዜ ቦርሳችሁ ውስጥ ይቀመጡ። ለመጥፎ ቀን ብቻ ብሎ ማስቀመጥ አያዋጣም። መጥፎ ቀን አስቀድሞ አይናገርም።

ከድምፁ በላይ የሚያደክም ሌላ ነገር አለ። ማስመሰል። ሰው በሚያወራበት ጊዜ ዓይኑን ስንት ሰከንድ እንደሚያዩት እየቆጠሩ ማየት፣ ያልገባ ቀልድ ላይ ከሰው እኩል መሳቅ፣ እጅን ማወዛወዝ ሲያሰኝ ኪስ ውስጥ መክተት። ባለሙያዎች ጭምብል ማድረግ ይሉታል። ቀኑን ሙሉ ጭምብል አድርጎ የዋለ ተማሪ ማታ ዶርም ሲገባ ባዶ ነው። ይህ ለወራት ከቀጠለ ሰውነት እምቢ ይላል፤ ትናንት ቀላል የነበረው ነገር፣ መናገርም ጭምር፣ ዛሬ ያቅታል። ስለዚህ ዕረፍትን ከተረፈ ሰዓት አትጠብቁ። ፕሮግራማችሁ ላይ እንደ ክላስ አስገቡት፦ «9፡00–10፡00፣ ዕረፍት፣ ብቻዬን»። ዩኒቨርሲቲው ከፈቀደ በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ኮርስ መቀነስም ይቻላል። ዓመት ቢረዝም ምን አለበት?

አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም ተደራርቦ ይፈነዳል። አንዱ ያለቅሳል ወይም ይጮኻል፤ ሌላው ጭጭ ይላል፣ መልስም አይሰጥም። ሁለቱም ከአቅም በላይ መሆን ነው እንጂ ቅብጠት ወይም ጥጋብ አይደለም። በዚያ ሰዓት ማብራሪያ መስጠት አይቻልም። ስለዚህ ትንሽ ካርድ ላይ ወይም ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ ጻፉ፦ «ደህና ነኝ። ኦቲዝም አለብኝ፤ አሁን መናገር አልቻልኩም። እባካችሁ አትንኩኝ። ፀጥ ያለ ቦታ ሃያ ደቂቃ ከቆየሁ ይመለስልኛል።» አውጥቶ ማሳየት ብቻ ነው።

ከሰው ጋር

ዶርም ውስጥ አራት ነገር ቀድሞ ስምምነት ላይ ቢደረስበት ብዙ ጠብ ይቀራል፤ መብራት በስንት ሰዓት ይጠፋል፣ ስልክ ያለ ሄድፎን ይከፈታል ወይ፣ እንግዳ ሲመጣ ይነገራል ወይ፣ የሰው ዕቃ ሳይጠየቅ ይነሣል ወይ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማንም በማንም ላይ ሳይቀየም፣ ተነጋግሮ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። አንዳንዱ «እኛ ወንድማማች አይደለን እንዴ፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» ይላል። ለእሱ ላያስፈልገው ይችላል። ለእናንተ ያስፈልጋል፤ ይኸው በቂ ምክንያት ነው።

ስለ ጓደኝነት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ደፈር በል፣ ተቀላቀል» ነው። የማይረባ ምክር ነው። ግራ የሚያጋባው ወሬ ለወሬ ሲሆን ነው። ነገር ላይ ሲሆን ግን ይቀላል። ቼዝ ክበብ፣ የኮምፒውተር ቡድን፣ የፎቶግራፍ ማኅበር ውስጥ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ወደ አንድ ነገር ያያል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፤ ወሬው ከነገሩ ይመጣል። በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት የሚሰበሰብ ክበብ ምረጡ።

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴሚያን ሚልተን፣ ራሱም ኦቲስቲክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ያነሣው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ለረጅም ጊዜ «ኦቲዝም ያለበት ሰው ሌላውን መረዳት አይችልም» ሲባል ኖሯል። ሚልተን ያለው፣ አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው፤ ሌላውም ሰው ኦቲስቲኩን አይረዳውም። አንድ ጨዋታ ሲበላሽ ሁልጊዜ ጥፋተኛው እናንተ አይደላችሁም ማለት ነው።

ጥንቃቄም አለ። ቃልን እንደተነገረ የሚያምን ሰው ለአታላይ ይመቻል። «ነገ እመልሳለሁ» ብሎ የሚበደር፣ «ጓደኛዬ ከሆንክ አሳይመንቱን ሥራልኝ» የሚል፣ ከዚያም የባሰ የሚጠይቅ ሰው ይገጥማል። ለዚህ አንድ የምታምኑት ሰው ይኑራችሁ፤ እህት ትሁን፣ ከፍ ያለ ዓመት ተማሪ ይሁን። ሥራው «እንዲህ ተባልኩ፤ ይሄ ነገር ልክ ነው?» ስትሉት መመለስ ብቻ ነው። ገንዘብን ወይም ሰውነትን በሚመለከት ጥያቄ ላይ ደግሞ መልሳችሁ ሁልጊዜ «አስቤበት ነገ እነግርሃለሁ» ይሁን። በዚህ የሚቆጣ ሰው ማንነቱን ነግሯችኋል።

ለቤተሰብ

እናቶችና አባቶች፣ ከባዱ የእናንተ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ለመምህሩ ስታስረዱ፣ ሰው ሲስቅበት ስትከላከሉ ኖራችኋል። አሁን ደግሞ እጃችሁን አንሡ ትባላላችሁ። በአንድ ቀን አታንሡ። ከስድስት ወር በፊት ጀምሩ፤ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ልጁ ይናገር፣ እናንተ አጠገቡ ተቀመጡ። ዝም ብሎ ቢቆይ እንኳ አፉን አትቅደሙ፤ አሥር ሰከንድ ቁጠሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ደጅ ጠብቁት።

ከሄደ በኋላ በየማታው ደውሎ «በላህ? አጠናህ? ጓደኛ አገኘህ?» ማለት ቀኑን ሙሉ ሲጠየቅ ለዋለ ልጅ ሌላ ፈተና ነው። ያልመለሰ ጊዜ ደግሞ እናንተ ትጨነቃላችሁ። ከመሄዱ በፊት ተስማሙ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ነጥብ ይልካል፤ በቃ፣ ነጥብ ብቻ። ነጥቡ ከመጣ ደህና ነው ማለት ነው። ሁለት ነጥብ ከሆነ «ደውሉልኝ» ማለት ነው። አንድ ማታ ቢቀር ረስቶ ይሆናል፤ ሁለት ማታ ከቀረ ትደውላላችሁ። ሁለት ነጥብ ካልመጣ በቀር ሁለተኛው ማታ ሳያልፍ ግን አትደውሉ።